የልዑሉ መስኮት

ሶሬቲ የሥራ ሺፍቷ ሊያልቅ ሲል፣ የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሩትን ፎቶ መስታወት እየወለወለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራው የኖረችውን ጥያቄ ጠየቀች። «የእርስዎ ክፍል የትኛው ነበር?»

ፎቶው ላይ ያለው አውሮፓ ውስጥ የሚገኝ ቤተ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ ከተባረረ ወዲህ ሙዚየም ሆኗል። ሽማግሌው «እዚያ ነው የተወለድኩት» ማለት ስለሚወዱ፣ በዚህ አሜሪካ በሚገኝ የኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ከነርሷ እስከ ጽዳት ሠራተኛው ድረስ «ልዑል» ነበር የሚሏቸው። አሁን ከዊልቸራቸው ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ሰገነቱን አለፈ፣ ባለመጋረጃዎቹን ረጃጅም መስኮቶች አለፈና ከደረጃው ሥር፣ መሬቱን ልትነካ ጥቂት በቀራት ባለፍርግርግ ትንሽ መስኮት ላይ ቆመ።

«እናቴ ልብስ አጣቢያቸው ነበረች» አሉ። «ልዑል ነኝ ብዬ አላውቅም። አይደለሁም ብዬም አላውቅም።»

 የመድኃኒት ሰዓታቸው ደርሶ ስለነበር ሶሬቲ ውሃ ቀዳችና እንደ ወትሮዋ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ አቀረበችላቸው። አልተቀበሏትም።

«ከእንግዲህ በአንድ እጅ ይበቃኛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሡ።

«ልዑል ስለሆኑ መስሎዎት ነው እንዴ?» አለች ሶሬቲ። «እኛ ጋ በዕድሜ ለሚበልጠን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሰጠው። ይልቅ እጄ ሳይዝል ይቀበሉኝ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።