እትዬ ያልጮኹበት ቀን

የልብስ ስፌት ቤቱ ተቆጣጣሪ በቁጣቸው ይታወቃሉ። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ነጎድጓድ»። ቁጣቸው ዓይነት ዓይነት አለው። ክር ሲባክን አንድ ነው፤ ሰው ሲያረፍድ ሌላ። ዝናብ የጣለ ቀን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያገኙትን ሁሉ ይቆጣሉ፤ እሱን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሴቶቹ ድምፃቸውን ብቻ ሰምተው የቱ እንደሆነ ይለያሉ።

የዚያን ቀን ግን እትዬ አልጮኹም።

ልብስ ተኳሿ አርፍዳ ገባች። አንገቷን ሰብራ ስድቧን ጠበቀች። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብለው አለፏት። በድንጋጤ ካውያውን ሳትሰካ መተኮስ ጀመረች።

«ተናደዋል» አለች ቁልፍ የምትተክለው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ንዴትማ ቢሆን ጣራው ይነሣ ነበር» አለች ተኳሿ። «ተቀይመዋል እንጂ።»

«በማን?»

«እኔ እንጃ። የሚጮኽ ውሻ አይናከስም ሲባል አልሰማሽም? ዝም ሲሉ ነው መፍራት።»

ጨርቅ ቆራጯ አቀርቅራ መቀሷን ታገላብጣለች። በማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ትናንት ልጇ ትኩሳት ይዟት ነበር። «ዛሬ ልቅር» ብላ ስትደውል እትዬ ጮኸው አስመጧት። ልጅቷን ለጎረቤት ትታ መጣች፤ ልቧ ግን እዚያው ቀረ። የተማሪ ሸሚዝ እጅጌ ነበር የምትቆርጠው። እጅጌ ቀኝና ግራ ስላለው ጨርቁ ሲደራረብ ፊቱ ከፊቱ መግጠም አለበት። እሷ ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አነጠፈችው። ቆርጣ ስትጨርስ ክምሩ በሙሉ የግራ እጅጌ ሆኖ ቁጭ አለ።

ክምሩን ጠረጴዛው ሥር ወሽቃ ቅዳጅ ጨርቅ አለበሰችው። የስፌት ቤቱ ባለቤት በቅርቡ «ከእንግዲህ ጨርቅ ያበላሸ ሰው እዚህ ቤት አያድርም» ብሎ ምሏል። ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው፤ ይህ ሥራ ከሄደ ሌላ የላትም።

ዛሬ ጠዋት ስትመጣ ክምሩ የለም። በሩን ቀድመው የሚከፍቱት እትዬ ናቸው።

ረፋዱ ላይ እትዬ ከባለቤቱ ቢሮ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ተኳሿ ወዲያው ወደ ቆራጯ መጣች።

«ጉድሽ ፈላ፣ ስምሽ ተነሥቷል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ‹እኔ እያለሁ እሷ› ሲሉ ሰማኋቸው፤ ከዚያ ዘጉት።»

እኔ እያለሁ እሷ እዚህ ቤት አትሠራም። ቀሪውን ቆራጯ ራሷ ሞላችው።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ልጅሽ እንዴት አደረች?»

«ደህና ናት፣ እትዬ። ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓታል።»

«ተመስገን። ስሚኝ፣ ዛሬ ማንም ምንም ቢጠይቅሽ ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

ትከሻዋን መታ መታ አድርገዋት ተነሡ።

ቆራጯ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። ዝም በይ! እሳቸው ጠዋት የልባቸውን አድርሰው፣ እሷ አፏን ይዛ እንደ በግ ልትታረድ? ስንት ዓመት ጩኸታቸውን ችላ! ትናንትስ ከታመመች ልጇ ነጥለው ያመጧት ማን ሆኑና ነው? ፈርታ ነበር፤ አሁን ግን ተናደደች። ምሳ ዕቃዋን እንኳ ሳትከድን ተነሣች።

ቢሮውን አንኳኩታ ገባች። የግራ እጅጌዎቹ ባለቤቱ ፊት ተከምረዋል። እሱ አንዱን አንሥቶ እያገላበጠ ነበር።

«ጋሼ፣ ስለዚህ ጨርቅ ነው የመጣሁት።»

«ተናገሪ።»

«ያነጠፉት እትዬ ናቸው። እኔ የተነጠፈልኝን ነው የቆረጥኩት። እንዲያውም ‹ፊቱ ልክ አይደለም› ብያቸው ነበር። ጮኹብኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ልጄ ትሙት!»

ባለቤቱ እጅጌውን ክምሩ ላይ መለሰው።

«እሳቸውም ጠዋት ያሉኝ ይህንኑ ነው» አላት። «እስካሁን ግን ላንቺ ሲሉ የሚዋሹ መስሎኝ ነበር።»