መርዶው እስከ ዓርብ

ማሬ የሟች እናቷን ነጠላ ተከናንባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ወንድሟ ባሕር ማዶ ሁለተኛ ዲግሪውን እየተማረ በረዳት መምህርነት ያስተምር ነበር፤ ፈተናውን እስኪጨርስ መርዶው ይቆየው ተብሎ፣ ከቀብሩ ወዲህ የእናቷን ድምፅ አስመስላ የምታነጋግረው እሷ ነበረች። አሁን ጨርሷል። የሚያረዱት ሽማግሌዎች በደብረ ታቦር የማለዳ ብርድ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ስልኩን እስክታቀብላቸው ይጠብቁ ነበር።

«ደህና ነህ ልጄ?» አለች እንደለመደችው።

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማት። «ማሬ» አላት ወንድሟ፣ በራሷ ስም። «የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ አልጨረስኩም። እባካችሁ እስከ ዓርብ አትንገሩኝ።»

«እሺ ልጄ፣ በርታ» የሚል ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ቀና አሉ። ድምፁ የእናትየዋ ነበር፤ ማሬ ግን ያን ጊዜ አላስመሰለችም።