ትርፉ ጥሪ

ሱሜዳ ጆሺ ያንን አንድ ትርፍ ጥሪ እስከ ቀትር ካላጠፋች ሥራዋን ታጣለች። አለቃዋ ፕራሞድ ጠዋት ሰው ሁሉ እየሰማ ቁርጡን ነግሯታል።

«ባለፈው ወር ስትሳሳቺ አልፌሻለሁ። ዛሬ አላልፍሽም።»

ይህን ብሎ የሁሉንም ስልክ ሰበሰበና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ሥራ በሚያስረክቡበት ቀን ደንቡ ነው።

እዚህ ፑኔ ከተማ የሚሠሩት መተግበሪያ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ነው። ቀዩን ምልክት ሲነኩት አምቡላንስ ይጠራል። ነገ ለሕዝብ ይለቀቃል፤ እስከዚያው ጥሪው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ባለው የሙከራ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ምልክቱን ሺህ ጊዜ የሚነካላት ሰው ከየት ይምጣ? ሱሜዳ ይህን የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፈች።

ለሙከራው ስም ያስፈልጋል። እዚያ ክፍል ሁሉም የወላጁን ስም ነው የሚሰጠው። እሷም «ዋማን ጆሺ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ሳታራ፣ የልብ ሕመምተኛ» ብላ ሳታራ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩትን የአባቷን ስም ሞላች። ጓደኞቿ ለወላጆቻቸው እንዳደረጉት፣ አባቷ ያላለቀውን መተግበሪያ ይተቹላት ብላ ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው።

«ፊደሉ ጉንዳን ነው የሚያክለው» ብለው አሾፉባት። «ቀይዋን ግን አያታለሁ።»

ፕሮግራሙ የሚልከው አንድ ሺህ ጥሪ ነው። የሚደርሰው ግን አንድ ሺህ አንድ። ስሙም አድራሻውም ያው።

«አንዱን እየደገመብሽ ነው» አላት አጠገቧ የተቀመጠው ኦምካር፣ ፖሃ የሚሉትን የሩዝ ቁርሱን እያላመጠ። «እጁ የሚንቀጠቀጥ ፕሮግራም ወለድሽ፣ እህት ዓለም!»

«ተወኝ ኦምካር፣ በእናትህ። ዛሬ ቀልድ አልችልም።»

ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድም ስህተት የለውም። እንደገና አስነሳችው፤ አሁን ትርፉ ሁለት ሆነ። ግማሹን ሰርዛ ሞከረች፤ ሦስት። የገዛ እጇ ሥራ እንደ ጠላት እያሾፈባት መሰላት።

«ቢቸግርሽ አጥፊውና እይው» አላት ኦምካር፣ አሁን አዝኖላት። «ጥፋቱ የሱ ከሆነ ዝም ይላል።»

ፕራሞድ ሰዓቱን እያየ ከኋላዋ ቆሟል። ለቀትር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሱሜዳ ፕሮግራሙን ጨርሳ አጠፋችው። የቆዩትን ጥሪዎች ሁሉ ደመሰሰች። ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፤ እሷም እፎይ ብላ ወንበሯን ተደገፈች።

ባዶው ስክሪን ላይ አንድ ጥሪ ገባ፦ ዋማን ጆሺ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ሳታራ፣ የልብ ሕመምተኛ።