ከጎርጎራ የመጣው ባለሙያ

ይታይሽ ከባሏ የወረሰችውን አሮጌ ጀልባ አሳድሳ ጣና ላይ ቱሪስት ልታመላልስበት ስትነሳ፣ የባሕር ዳር ጀልበኞች ሁሉ አንድ ስም ጠሩላት።

«ጎርጎራ ያለውን አንሙትን አስፈልጊ። ጠግኖ የሚነዳልሽ እሱ ነው፤ ሐይቁን እንደ ጓሮው ያውቀዋል።»

እሷ ዋና አትችልም፤ ውሃም ትፈራለች። ስለዚህ ሌላ ሰው አላማራትም፤ መልእክት ላከች። በወሩ አንድ ዝምተኛ ሰው «አንሙት ነኝ» ብሎ መጣ። የበሰበሰውን ጣውላ ቀየረ፣ ሞተሩን ፈቶ ገጠመ፤ እንከን የሚወጣለት ሥራ አልነበረም።

ለሙከራ የወጡ ዕለት ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን እየመታ ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ገባ። ይታይሽ መቀመጫዋን ጨምድዳ ያዘች።

«አንሙት፣ እንዲህ ያለውን ነፋስ ስንቴ አልፈኸዋል?» አለችው፣ ልቧ እንዲረጋ ብላ።

ሰውየው መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ዞር ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ እኔ አናጢ ነኝ፤ ጀልባ ነድቼ አላውቅም። ሥራ ቸግሮኝ ነው የዋሸሁዎት። አንሙት ታላቅ ወንድሜ ነው። መልእክትዎ የደረሰን ሐይቁ ወስዶት ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ነው።»