የእድሩ ወንበሮች

አዲስ ፕላስቲክ መሥራት ከተከለከለ ቆይቷል፤ መኪና የሚሄደው አሮጌው ፕላስቲክ ሲቀልጥ በሚወጣው ነዳጅ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ምጥ ሲጠናብኝ አምቡላንሱ ነዳጅ አልነበረውም። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ይርዳው የእድሩን ስልሳ የፕላስቲክ ወንበሮች አውጥተው ሁሉንም ማቅለጫው ውስጥ አስገቡ። ሐኪም ቤት ደረስኩ፤ በሰላም ወለድኩ።

ዛሬ ሰፈርተኛው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊለኝ መጥቶ መቀመጫ አጥቶ ቆሟል። ጋሽ ይርዳውም ግድግዳ ተደግፈው ጉልበታቸውን ያሻሉ።

"በእኔ የተነሳ ቆማችሁ ቀራችሁ" አልኩ አፍሬ።

"ተይ እንጂ አንቺ!" አሉ ተቆጥተው። "ወንበሮቹን የገዛናቸው ለልቅሶ አይደል? ቁጭ ብዬ ከማለቅስልሽ፣ ቆሜ ልጅሽን ባቅፍ ይሻለኛል።"

ከግድግዳው ለቀቅ ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ።