ደም የማይፈስበት ፋሲካ
ሩፋኤል ልጅ ሳለ፣ አባቱ የነፍስ አባታቸውን «አባ፣ ሥጋ ሳንቀምስ እንሙት?» ብሎ ሲጠይቅ ከመጋረጃ ጀርባ ሰምቶ ነበር። እንቅልፍ ወስዶት ግን የቄሱን መልስ ሳይሰማ ቀረ።

የሞንጎል ካኖች አገሩን ከያዙ ስምንት መቶ ዓመት ሆኗል። በሕጋቸው የከብት ደም መሬት ከነካ አራጁ ይሰቀላል። በጉ ደረቱ ተከፍቶ፣ ልቡ በእጅ ተጨብጦ፣ ደሙ ውስጡ እንዳለ ይሞታል። ሥላሴን ጠርቶ በቢላ መባረክ የቀረው ያኔ ነው፤ እንዲያ ያልተባረከ ሥጋ ደግሞ ለክርስቲያን አይበላም። በሩፋኤል ቤትም የፋሲካ ጾም የሚፈታው በቅቤና በእንቁላል ብቻ ነው።

ዘንድሮ ግን ልጁ ስንዱ በሰሙነ ሕማማት ወልዳ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሐኪሙም «ሥጋ ካልበላች አትነሣም» አለ። በፋሲካ ጠዋት ጎረቤታቸው ተሙር፣ ሕጉ የፈቀደለት አራጅ፣ በግ ይዞ ደጃፍ ቆመ።

«ጋሼ ሩፋኤል፣ በጉ እንኳ ቆርጦ መጥቷል፤ እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?»

ሩፋኤል ወደ ሚስቱ ወደ ውባለም ዞረ። «እኔ በቢላ ልባርከው፤ ጓዳ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ።»

«አድርገውና የልጅ ልጅህ አያቱን ገመድ ላይ ይይ!» አለች። «የልጄ ደም ወለሉን ሲያርሰው ማን ተሰቀለ? ተው አንተ ሰው፣ ትብላ።»

ሩፋኤል አልተቆጣም፣ አላዘነም፤ ምንም አልተሰማውም። ከውስጥ ስንዱ ውኃ ጠየቀች፤ ድምፅዋ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል።

«የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ ተሙር፣ በጉን በጀርባው እያጋደመ።

ሩፋኤል አማተበ። ጋቢውን አውልቆ ለሚስቱ ሰጣት።

«እግሩን እኔ እይዛለሁ» አለ።