ከመሃል ወደ ዳር
ባሏ ከሞተ ሦስት ወር ሆነው። ድምፁ የቀረው ራሱ ቤት ውስጥ በቀዳው አንድ የቪዲዮ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም «እሜቴ፣ እስቲ ሳ... ሳ...» ይልና ቀጥ ይላል።

ዲስኩን ከማጫወቻው አውጥታ እፍ አለችበት፤ በሻርፗ ጫፍ እያዞረች ታሸው ጀመር።

«እማዬ፣ ሰሃን መሰለሽ እንዴ? እንዳትጭሪው!» አለች ልጇ።

«አንቺ ደግሞ ቁርጥ አባትሽን!»

ሊስቁ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። እናት ማሸቷን ቀጠለች።

ያኔ ከቴሌቪዥኑ የባሏ ድምፅ መጣ፤ አንድም ቦታ አልተቆራረጠም።

«ስንቴ ልንገርሽ? አታዙሪው! ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚጠረገው።»

«እሺ በቃ፣ አትነጅሰኝ» አለች እንደ ድሮዋ። ከመሃል ወደ ዳር አንዴ እንደ ጠረገችው እጇ ቆመ።

ዲስኩ ገና እጇ ላይ ነው።